ከውሃ በታች ያለው ባትሪ፦ የጀልባ ብረት ለምን ቶሎ ይበላል?

ብዙ ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተገዛ ፕሮፔለር ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ተሸራርፎ ይገኛል። ቢጫ የነበረው መልኩ ወደ ሮዝ ሄዷል። በትንሽ መዶሻ ሲመቱት እንደ ጤነኛ ፕሮፔለር አይጮኽም፣ ድምፁ የታፈነ ነው። በቢላ ጫፍ ሲፍቁት ይፈረፈራል። ባለቤቱ መጀመሪያ ውሃውን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ የዕቃውን ጥራት። አዲስ ገዝቶ ያስገጥማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ያው ጉዳት ይጠብቀዋል።

ይህ የተለመደው ዝገት አይደለም። ከጀልባዋ ሥር የኤሌክትሪክ ዑደት ተፈጥሯል፤ ዑደቱ ብረቱን እያሟሟ ወደ ውሃው እየሸኘው ነው። ዑደቱ ተገኝቶ እስካልተቋረጠ ድረስ አዲስ የሚገጠመው ብረት ሁሉ የመበላት ተራውን ይጠብቃል። «የትኛው ብረት ይሻላል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ኮረንቲው ከየት ተነስቶ በየት በኩል ይመለሳል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። የዚህ ጥያቄ መልስ ከተገኘ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አዲስ ፕሮፔለር ዋጋ በታች ነው።

ሁለት ብረት በአንድ ውሃ

ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከላዩ ያሉት አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ትተው ወደ ውሃው የመውጣት ዝንባሌ አላቸው። ዝንባሌው በአንዱ ብረት ይበረታል፣ በሌላው ይደክማል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሆነው በሽቦ ወይም በመነካካት ሲገናኙ፣ ዝንባሌው የበረታው ኤሌክትሮኖቹን በሽቦው በኩል ለሌላው ይልካል፤ እሱ ራሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ውሃው ውስጥ ያለው ጨው የዑደቱን ሌላኛውን ግማሽ ይሞላል። ባትሪ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የባሕር መሐንዲሶች ይህን ዝንባሌ በቮልት ለክተው በሠንጠረዥ አስቀምጠውታል። በባሕር ውሃ ውስጥ፣ በብርና በብር ክሎራይድ መለኪያ ሲታይ፣ ማግኒዥየም −1.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ዚንክ −1.0 አካባቢ፤ አሉሚኒየም እንደ ቅይጡ ከ−0.75 እስከ −1.0፤ ተራ ብረት ከ−0.6 እስከ −0.7፤ ነሐስ −0.3 አካባቢ፤ 316 የሚባለው ስቴንለስ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ግራፋይት ከዜሮ በላይ ይወጣል፤ ካርቦን ፋይበርም እንደዚያው ነው። ከሁለቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ይበላል፣ ከፍ ያለው ይተርፋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ካለፈ ነገሩን ችላ ማለት አይገባም። አሉሚኒየም ምሰሶ ላይ የተጠለቀ የስቴንለስ ብሎን፣ በብረት ዘንግ ላይ የተገጠመ የነሐስ ፕሮፔለር፣ የአሉሚኒየም ጀልባ ወለል ላይ ወድቃ የቀረች የመዳብ ሽቦ ቁራጭ፣ ሁሉም ከዚህ መስመር ያለፉ ጥንዶች ናቸው። የመጨረሻዋን በተለይ ልብ ይበሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ሲልጥ የጣላት ቁራጭ እርጥብ ወለል ላይ ተኝታ ከሥሯ ያለውን አሉሚኒየም እስከ መብሳት ልትደርስ ትችላለች።

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ብረቶች በአንድ ቅይጥ ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ዚንኩ ተመርጦ ሲሟሟ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ብቻ ይቀራል፤ ሮዙ መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ፕሮፔለር የሚሠራበት «ማንጋኒዝ ብሮንዝ» ስሙ ነሐስ ይምሰል እንጂ ውስጡ 40 በመቶ የሚጠጋ ዚንክ ያለበት ናስ ነው። ከጀልባዋ ታች ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ከተራ ናስ ከተሠራ አደጋው የከፋ ነው። ፕሮፔለር ቢሰበር ሌላ ጀልባ ይጎትታል፤ ያ ቫልቭ ከተሰበረ ግን ጀልባዋ ትሰምጣለች። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ እውነተኛ ነሐስ ወይም ዚንኩ እንዳይሟሟ ተደርጎ የተዘጋጀ ናስ ብቻ ነው መግባት ያለበት።

ስቴንለስም የራሱ ድክመት አለው። የማይዝገው ላዩን በሸፈነው በዓይን በማይታይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ እየታደሰ እንዲኖር ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በእርጥብ እንጨት መሐል ወይም በጓርኒሲዮን ሥር ታፍኖ የተቀመጠ ስቴንለስ ሽፋኑን ያጣል፣ ቁጥሩም ወደ −0.5 ቮልት ይወርዳል። እንዲህ ያለ ብሎን ሲፈታ ራሱና ጫፉ እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ፤ መሐሉ ግን ቀጥኖ እርሳስ አክሎ ይወጣል። ከውጭ አይቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

በ1763 የተገኘው ቡናማ ወረቀት

ይህን ጉዳት ሰዎች ያዩት ባትሪ ከመሠራቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለችውን ባለ 32 መድፍ የጦር መርከብ፣ ከውሃ በታች ያለውን እንጨቷን በስስ የመዳብ ሉህ ሸፈናት። የታሰበው እንጨት የሚቦረቡሩ የባሕር ትሎችን ለመከላከልና አረምና ዛጎል እንዳይለጠፍባት ለማድረግ ነበር። ካሪቢያን ባሕር ደርሳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1763 ስትመረመር መዳቡ ትሎቹን በሚገባ ተከላክሎ ተገኘ፤ ግን በብዙ ቦታ ተላቋል። ሉሁን ከእንጨቱ ጋር የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው አልቀው ነበር።

መርማሪዎቹን ያስገረማቸው ከተበሉት ይልቅ የተረፉት ናቸው። እዚያው አጠገብ ያሉ ጥቂት ምስማሮች ምንም አልሆኑም። ጠጋ ብለው ሲያዩ መዳቡ ተጠቅልሎ የመጣበት ቡናማ ወረቀት በነዚያ ምስማሮች ራስ ሥር ሳይነሳ ቀርቷል። ወረቀቱ ባለበት ምስማሩ ደህና ነው፤ ወረቀቱ በተቀደደበት ምስማሩ የለም። ሪፖርቱ ብረትና መዳብ በባሕር ውሃ ውስጥ በቀጥታ መነካካት የለባቸውም ብሎ ደመደመ። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ላይ ያየውን የኤሌክትሪክ ውጤት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1791፣ የአገሩ ልጅ ቮልታ ባትሪውን ያስተዋወቀው በ1800 ነው። እነዚያ የመርከብ ሠራተኞች ምክንያቱን የሚያስረዳ ሳይንስ በእጃቸው አልነበረም፤ መድኃኒቱን ግን በትክክል አይተውታል። ዛሬ በአሉሚኒየምና በስቴንለስ መካከል የምናስገባው የናይሎን ሮንዴላና የፕላስቲክ ማቀፊያ የሚሠራው ያ ወረቀት የሠራውን ነው።

አላርም ሌላም ነገር ታሳያለች። ምስማሮቹ ትንንሽ ነበሩ፣ መዳቡ ደግሞ የመርከቧን ታች በሙሉ የሸፈነ። በዚህ ጉዳይ ስፋት እንደ ቮልት ሁሉ ወሳኝ ነው። የሚበላው ብረት ትንሽ ሆኖ የማይበላው ትልቅ ከሆነ፣ የትልቁ ስፋት ሁሉ የሚጠይቀው ኮረንቲ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል። የስቴንለስ ሳህን ላይ የተመታ የአሉሚኒየም ሪቬት በአጭር ጊዜ ይጠፋል። በትልቅ የአሉሚኒየም አካል ላይ የተጠለቀ ትንሽ የስቴንለስ ብሎን ግን መከላከያ ቅባት ተቀብቶና ሮንዴላ ገብቶለት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው ለመቀበል ይቸገራል። ቀለም መቀባት ካለብን የሚበላውን ብቻ መቀባት ስህተት ነው። የተቀባው ብረት ቀለሙ በአንዲት ነጥብ ሲጫር፣ ቀድሞ በሰፊ ቦታ ተከፋፍሎ የነበረው ጉዳት በዚያች ጭረት ላይ ይወርድና ብረቱን ይበሳዋል። የሚሻለው ሁለቱንም መቀባት ነው፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ደግሞ የማይበላውን። አሉሚኒየም ጀልባ ላይ መዳብ ያለበትን የፀረ-አረም ቀለም መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአላርምን ስህተት ገልብጦ መድገም ነው።

ችግሩ የትንንሽ ጀልባ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎት የጀመረችው «ኢንዲፔንደንስ» የተባለች አሉሚኒየም አካል ያላት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ፣ በ2011 የውሃ ጄት ክፍሏ (ውሃ ወደ ኋላ እየተፋ መርከቧን የሚገፋው) አካባቢ ኃይለኛ መበላት ተገኝቶባታል። አሉሚኒየሙ ከውሃ ጄቱ ብረት ጋር በባሕር ውሃ ውስጥ ተጣምሮ ነበር። መርከቧ ስትሠራ ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከላከል ሥርዓት አልተገጠመላትም፤ የተገጠመላት ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው።

ዚንኩ የሚከፍለው ዕዳ

ሁለት ብረት ሲገናኝ አንዱ መበላቱ ካልቀረ፣ ሦስተኛ ብረት ጨምረን እሱ እንዲበላ ማድረግ እንችላለን። ከዘንጉ ወይም ከሞተሩ እግር ጋር የሚታሰረው የዚንክ ቁራጭ ለዚህ ነው። ዋስ ማለት ነው፤ ዕዳው ሲመጣ ቀድሞ ይከፍላል፣ የራሱ ሲያልቅ ግን ባለዕዳው ይጠየቃል። ግማሹ ሲያልቅ መለወጥ ያለበት ስለዚህ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያቀረበው እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 በመርከብ ታች ካለው መዳብ ጋር ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ መዳቡ መሟሟቱን እንደሚያቆም አሳየ፤ አሠራሩም በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ተሞከረ። መዳቡ በእርግጥ ዳነ። መርከቦቹ ግን በአረምና በዛጎል ተሸፍነው ፍጥነታቸውን አጡ፤ ለካስ ዛጎሉን ያባርር የነበረው እየሟሟ የሚወጣው መዳብ ራሱ ነው። ባሕር ኃይሉ ብዙም ሳይቆይ ዚንኩንና ብረቱን አስነሳ። የዴቪ ሐሳብ ተመልሶ የነገሠው መርከቦች ከብረት መሠራት ሲጀምሩ ነው።

ትላልቅ የብረት መርከቦች ዛሬ ከዚህ አልፈው ሄደዋል። በፕላቲኒየም ወይም በልዩ ኦክሳይድ በተለበጠ ታይታኒየም በኩል የተለካ ኮረንቲ ወደ ባሕሩ እየለቀቁ፣ የመርከቧን አካል ከ−0.8 ቮልት በታች ያቆዩታል። ቢሾፍቱ ባለው የባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሠልጥነው በዓለም አቀፍ መርከቦች ሞተር ክፍል የሚሠሩ ልጆቻችን ይህን ቁጥር እያነበቡ የሚመዘግቡት ለዚህ ነው።

ለትንሽ ጀልባ ግን ዚንኩ ይበቃል፤ በትክክል ከተገጠመ። ቀለም የተቀባ ዚንክ አይሠራም። ቀለም ወይም ዝገት ባለበት ብረት ላይ የታሰረም አይሠራም። የሚታሰርበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ መፋቅ አለበት፤ በቴስተር ሲለካም በዚንኩና በሚጠበቀው ብረት መካከል ያለው ሬዚስታንስ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ምንም ያልተበላ ዚንክ ያየ ሰው መደሰት የለበትም። ዚንኩ ካልተበላ ሌላ ነገር እየተበላ ነው፤ አንድ ቦታ ግንኙነቱ ተቋርጧል።

አብዝቶ ማሰርም ጉዳት አለው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሚጠበቀው ብረት ዙሪያ ያለው ውሃ ወደ ሳሙናማ አልካሊነት ይለወጣል። የእንጨት ጀልባ ላይ ያ አልካሊ በብሎኑ ዙሪያ ያለውን እንጨት አሟሙቶ ክር ክር ያለ ለስላሳ ነገር ያደርገዋል፤ ብሎኑ ጤነኛ ሆኖ የሚይዘው እንጨት ያጣል። አሉሚኒየምም አልካሊ አይወድም፤ ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ ይነሳል፣ ከሥሩም ይበላል።

በአንድ ሌሊት የሚሆነው

እስካሁን ያልነው ሁሉ በወራትና በዓመታት የሚታይ ነው። በቀናት ውስጥ ብረት ከተበላ ግን ፈጣሪው የብረቶቹ ልዩነት አይደለም፤ ከባትሪ ያመለጠ ኮረንቲ ነው። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሰው ዚንክ ላይ ዚንክ ይጨምራል፤ ጉዳቱ ግን አይቆምም፤ ምክንያቱም ዚንክ የሚያመነጨው ግፊት ከ1 ቮልት ብዙም አያልፍም፣ ከፊቱ የቆመው ደግሞ 12 ቮልት ነው።

መንገዱን በአንድ የተለመደ ምሳሌ እንከተለው። ከጀልባዋ ወለል ሥር፣ ውሃ በሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ቦታ፣ በፍሎተር ራሱ የሚነሳ ትንሽ ፓምፕ አለ። ባለቤቱ በሌለበትም እንዲሠራ ስለሚፈለግ ፖዘቲቭ ሽቦው ሁልጊዜ ኮረንቲ አለበት። ሽቦው አጥሮ ስለነበር ተቀጥሏል፤ ቅጥያው ተጠምዝዞ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላስቲኩ ላልቶ ቅጥያው የተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ወድቋል። አሁን ኮረንቲው ከቅጥያው ወደዚያ ውሃ ይወጣል። አጠገቡ ባለው የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ በኩል ገብቶ፣ ከቫልቩ ውጫዊ ገጽ ወደ ባሕሩ ይወጣል። በባሕሩ ውስጥ ተጉዞ ወደ ፕሮፔለሩ ይገባል፤ ከዚያ በዘንጉና በሞተሩ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ዑደቱ ተዘጋ።

ቫልቩ ከየትኛውም ሽቦ ጋር አልተያያዘም፤ ጥፋቱ መንገዱ ላይ መቆሙ ነው። ብረት የሚጠፋው ኮረንቲ ከብረት ወደ ውሃ በሚወጣበት ቦታ ነውና፣ ቫልቩ ከውጭ በኩል ይቦረቦራል፤ ውስጡን ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ሽቦው ራሱም ቅጥያው ላይ አረንጓዴ ሆኖ እያለቀ ነው።

ምን ያህል ብረት ይሄዳል? የዴቪ ረዳት የነበረው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ባወጣው ሕግ ልክ ማስላት ይቻላል። 1 አምፔር ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ ከተራ ብረት ወደ ውሃ ቢወጣ 9 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ይዞ ይሄዳል፤ ዚንክ ከሆነ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ። በቀን ሲካፈል 25 ግራም ብረት ነው። 25 ግራም ከትልቅ የብረት አካል ላይ ተሰራጭቶ ቢነሳ አይታወቅም፤ ከአንዲት ትንሽ ቫልቭ አንድ ጎን ብቻ ለሳምንት በየቀኑ ሲነሳ ግን ቀዳዳ ነው።

ምልክቱም የተለየ ነው። በዝግታ የተበላ ብረት ብዙውን ጊዜ ዝገት ወይም ዱቄት ለብሶ ይታያል። ባመለጠ ኮረንቲ የተበላው ግን ንጹሕና የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ የሰላ ጉድጓድ ይኖረዋል። አምና ዓመት ሙሉ የቆየ ዚንክ ዘንድሮ በሳምንታት ካለቀ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም። ጀልባዋ ውሃ ላይ እንዳለች ብየዳ ከተሠራባትና የብየዳው መመለሻ ገመድ ከጀልባዋ ውጭ ከታሰረ፣ የዚያን ያህል ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

ማግኘቱ ከባድ አይደለም። መብራቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሁሉንም ያጥፉ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ገመድ ይፍቱ። ቴስተርዎን በ10 አምፔር ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከፈቱት ገመድ ጋር ያገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር ቴስተሩን ያቃጥለዋል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ወደ ሚሊ አምፔር ዝቅ ያድርጉ። ሰዓት ወይም የሬዲዮ ማስታወሻ ጥቂት ሚሊ አምፔር ሊጎትት ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ ከታየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያነሱ ቁጥሩ የሚወርድበትን መስመር ይያዙ። ፓምፑን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቅጥያው ከውሃው በላይ ወጥቶ፣ በሙቀት በሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ባለው ፕላስቲክ ከታሸገ ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁሉንም ከውሃ በታች ያሉ ብረቶች በወፍራም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ከተገናኙ ያመለጠው ኮረንቲ በሽቦው በኩል ይመለሳል እንጂ በቫልቩ ውጭ አይወጣም፤ አንዱ ዚንክም ሁሉንም ይጠብቃል። በሌላ በኩል ከተገናኙ የተለያዩ ብረቶች ሁሉ አንድ ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። እኔ ዚንኩን በሰዓቱ ለሚለውጥ ሰው ማገናኘቱን እመርጣለሁ፤ ለማይለውጥ ግን ራቅ ብሎ የተቀመጠ እውነተኛ የነሐስ ቫልቭ ብቻውን ቢሆን ይሻለዋል።

ከወደቡ የሚመጣው ሽቦ

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጀልባ ማቆሚያዎች ጀልባው ከዳር የኤሌክትሪክ መስመር ይቀበላል። ከመስመሩ ጋር የሚመጣው የኧርዝ ሽቦ ሁሉንም ጀልባዎች እርስ በርስ ያያይዛል። የእርስዎ አሉሚኒየም ከጎረቤትዎ ነሐስ ጋር ሳያውቁት ተጣመረ፤ ዚንክዎም የጎረቤትን ዕዳ ይከፍላል። ጎረቤትዎ ዚንኩን ካልለወጠ ይባስ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር እፈልጋለሁ፦ ዚንክ ለማዳን ብሎ ኧርዙን መቁረጥ ሰው ይገድላል። መሣሪያ ሲበላሽ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ ኧርዙ ነው። እሱ ከሌለ ኮረንቲው ወደ ውሃው ይወጣል፤ በአጠገቡ የሚዋኝ ሰው ጡንቻው ተይዞ ይሰምጣል። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ አደጋው ይበረታል፤ የሰው አካል ከውሃው ይልቅ ኮረንቲን በደንብ ስለሚያሳልፍ። መፍትሔው «ጋልቫኒክ አይሶሌተር» የሚባለው በኧርዙ መስመር ላይ የሚገባ ዕቃ ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ከ1.2 ቮልት ገደማ በታች ያለውን ግፊት ያግዳሉ፤ ብረቶች የሚፈጥሩት ግፊት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ በታች ነው። የመሣሪያ ብልሽት ሲመጣ ግን ያሳልፋሉ። ከዚያ የበለጠ ለሚፈልግ የጀልባዋን መስመር ከዳሩ መስመር የሚለይ ትራንስፎርመር ማስገባት አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የጣና ውሃና የዚንክ ምርጫ

የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ውሃ ጋር ሲነጻጸር ኮረንቲ የማሳለፍ አቅሙ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ብረቶች ሲነካኩ የሚደርሰው ጉዳት ይዘገያል፤ ሁለቱ በሚነካኩበት ጠርዝ ላይም ይሰበሰባል። የደንገል ታንኳ ብረት ስለሌለው አይመለከተውም፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱት ባለ ሞተር ጀልባዎች ግን ይመለከታቸዋል።

ብዙ ሞተሮች ሲገዙ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ታስሮባቸው ይመጣሉ። ዚንክ ለባሕር ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ላዩ በነጭ ቅርፊት ይሸፈንና መሥራቱን ያቆማል፤ ባለቤቱ «አልተበላም» ብሎ ይተወዋል፣ የሞተሩ አሉሚኒየም እግር ግን በዝምታ ይጎድላል። ለጣና የሚስማማው ማግኒዥየም ነው፤ እሱ ከጠፋ ለዚሁ የተቀየጠ አሉሚኒየም። በብዙ ቤት የውሃ ቦይለር ውስጥ ያለው ዘንግም ማግኒዥየም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ማግኒዥየም የታሰረበት ሞተር ወደ ባሕር ከተወሰደ ግን ወዲያው መለወጥ አለበት፤ በጨው ውሃ ውስጥ በፍጥነት ያልቃል፣ አሉሚኒየሙንም ዚንክ አብዝቶ እንደ ማሰር ሆኖ ይጎዳዋል።

ላንጋኖ ሌላ ነው። ውሃው ሶዳማ፣ አልካሊ ነው፤ አልካሊ አሉሚኒየምን ያለ ምንም ሽቦ ብቻውን ያጠቃዋል። እዚያ ያለ ጀልባ ቀለሙ ደህና መሆኑን መከታተልና ከተጠቀሙ በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ከየትኛውም ዚንክ ይበልጣል።

ሱቅ ላይ ሦስቱም ግራጫ ናቸው፤ ሻጩም ሁሉንም «ዚንክ» ሊል ይችላል። በእጅ መመዘን ይረዳል፦ እኩል መጠን ያለው ዚንክ ከማግኒዥየም አራት እጥፍ ይከብዳል፣ ከአሉሚኒየም ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል። በማግኒዥየምና በአሉሚኒየም መካከል ጥርጣሬ ካለ ጥጉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አንድ ጠብታ አቼቶ ያንጠባጥቡ። ማግኒዥየም ከሆነ ወዲያው አረፋ እየደፈቀ ይፈላል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል።